ከጉጉቷ ሥዕል ጎን የሰቀልኩት ወረቀት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ነው። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ከእኔ ልብ ግን አልወጣም፤ የዋሸኋቸው ሰው እስከ ዛሬ በየእሑዱ "እንደምን ሰነበትሽ?" ይሉኛልና።

የዱር እንስሳት እስላለሁ። እንጀራዬ እሱ አይደለም፤ በሳምንት አራት ቀን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ረዳት ነኝ። በቀረኝ ጊዜ ላይ የሚያዝበት የዓመቱ ወቅት ነው። ቅጠል ሲረግፍ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ፍለጋ ወደ ተራራው እወጣለሁ። በበረዶው ወራት ሐይቅ ዳር ቆሜ ንስር እጠብቃለሁ። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ከደቡብ የሚመለሱትን ባለ ረጃጅም እግር ወፎች ለማየት አራት ሰዓት እነዳለሁ። ባለቤቴ "አንቺ ያገባሽው መኪናውን ነው" እያለ ይቀልድብኛል።

አሠራሬ አይለወጥም። እንስሳውን ባገኘሁበት ቦታ በእርሳስ እነድፋለሁ። ከንድፉ ሥር ሰዓቱን፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣና እኔ የት እንደቆምኩ በአማርኛ እጽፋለሁ። ቤት ገብቼ ቀለም ስይዝ ያ ጽሑፍ ወደ ቦታው ይመልሰኛል።

ጉጉቷን ያሳዩኝ ጋሽ ተስፋይ ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ ሰባን አልፈዋል፤ ስንት ዓመት ታክሲ ነድተው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ሐኪም ለጉልበትዎ ይራመዱ ስላላቸው ጠዋት ጠዋት በወንዝ ዳር ይሄዳሉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ወደ ጎን ጠሩኝ።

"አንቺ ወፍ የምትስይው፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። ግን ለማንም አትናገሪም።"

"አልናገርም ጋሼ።"

"ማርያምን በይ።"

"ማርያምን።"

በማግስቱ ወሰዱኝ። መብረቅ የሰነጠቀው ትልቅ ዛፍ ላይ፣ የግንዱ ስንጥቅ ውስጥ ጉጉቷ ተቀምጣለች። ከሥሯ ሁለት ነጫጭ ጫጩቶች አንገታቸውን አስግገዋል። ጋሽ ተስፋይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝቅ ባለ ድምፅ "እንደምን አደርሽ?" አሏት። ሳቄ መጣ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"ሰው ጉጉት ሟርተኛ ናት ይላል" አሉኝ። "ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከአልጋዬ የምታስነሳኝ ይቺ ናት። በልጆቿ ዙሪያ ሰው ከበዛባት ትታቸው ትሄዳለች። አደራ።"

ሦስት ጠዋት ተመላልሼ ነደፍኳት። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሥዕሎች ሁሉ ያ ይበልጣል፤ ይህን የምለው ኮርቼ አይደለም፣ አሁን ሳየው ስለሚያመኝ ነው።

በዚያው ሰሞን ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ ትንሽ የሥዕል ጋለሪ ሥዕሎቼን ላሳይ ነበር። የጋለሪው ባለቤት አሜሪካዊት ናት። የንድፍ ደብተሬን ስታገላብጥ የጉጉቷ ገጽ ላይ ቆመችና "ይህ ፊደል ራሱ ሥዕል ነው፤ ከጎኗ እንስቀለው" አለችኝ። እሺ አልኩ። በአማርኛ ነው፣ ማን ያነበዋል ብዬ። የጠራኋቸው እንግዶች ግማሾቹ ሐበሾች መሆናቸው ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም።

በመክፈቻው ቀን ቤቱ ሞላ። የሥራ ባልደረባዬ ሮማን ነጭ ልብሷን ለብሳ እንደ ባለቤት እንግዳ ትቀበላለች። አንድ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ወረቀቱ ፊት ቆሞ ምን እንደሚል ጠየቃት። ሮማን ደስ ብሏት ቃል በቃል ተረጎመችለት፤ የእግር መንገዱን ስም፣ ከድልድዩ ወደ ምሥራቅ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ መብረቅ የመታውን ዛፍ፣ ሁሉንም።

"ጓደኛዬ እኮ ዝም ብላ አይደለም የምትስለው፣ ሪሰርች አድርጋ ነው!" አለችው ወደ እኔ እየጠቆመች።

ሰውየው ወረቀቱን ፎቶ አነሳው። ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር፤ ሰምቻለሁ፣ አይቻለሁም። ግን ሰዎች እየከበቡኝ፣ እያደነቁኝ ስለነበር ዝም አልኩ። ደስታዬን ማቋረጥ አልፈለግኩም፤ እውነቱ ይኸው ነው።

በአሥረኛው ቀን ጋሽ ተስፋይ ደወሉ።

"ልጄ፣ ነይ እስቲ" ብቻ አሉ።

ከቤቴ፣ ከግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር፣ እየበረርኩ ወንዙ ዳር ደርሼ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ቦታው በመኪና ሞልቷል። ከዛፉ ሥር ሰዎች ካሜራቸውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተክለዋል። አንዱ ብቅ እንድትልለት የጉጉት ድምፅ ከስልኩ ያጫውታል። ስንጥቁ ውስጥ ግን ማንም የለም። ጋሽ ተስፋይ ሳሩ ላይ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል። ባርኔጣው ውስጥ አንዱ ጫጩት ሞቶ ተኝቷል። ሁለተኛውን የእንስሳት እርዳታ ሰዎች ጠዋት ወስደውታል። እናትየው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልታየችም።

"ለማን ነገርሽ?" አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ለማንም አልነገርኩም ጋሼ። ማርያምን።"

አሁንም ይህቺን ቃል ሳስታውስ ፊቴ ይግላል። በአፌ አለመናገሬን ይዤ በስሟ ማልኩ። እሳቸውም "እሺ" አሉና ጫጩቱን ለመቅበር ዱላቸውን ይዘው ወደ ቁጥቋጦው ሄዱ።

ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ ሥዕሎቼን ላወርድ ሄድኩ። የጋለሪው ባለቤት እየረዳችኝ "አንድ ሽማግሌ መጥተው ነበር" አለችኝ። "ባርኔጣ ያደረጉ። ሌላውን አላዩም። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አነበቡት። ከዚያ አመስግነውኝ ሄዱ።"

ጋሽ ተስፋይ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማሩት በአማርኛ ነው። ይህንን ደግሞ አላውቅም አልልም፤ የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች የሚያነቡት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ዓመት ሆነ። አዲሶቹ ሥዕሎቼ ላይ ያሉት ዛፎችና ድልድዮች የትም የሉም፤ ከራሴ ነው የምፈጥራቸው። ጋሽ ተስፋይ እሑድ እሑድ እጄን ጨብጠው የልጆቼን ጤንነት ይጠይቁኛል፤ ስለ ወረቀቱ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። እኔም ድፍረት አጥቼ ዝም እንዳልኩ ነው። ባለፈው ሳምንት "ጋሼ፣ አሁን በየት በኩል ነው የሚራመዱት?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እዚሁ ነው፣ አካባቢውን" አሉኝና ባርኔጣቸውን አደረጉ።

ጋሼ፣ ይህ ጽሑፍ እጅዎ እንደሚገባ አውቃለሁ። የጻፍኩትም ለዚያ ነው። ወረቀቱን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ሲነበብም እየሰማሁ ዝም አልኩ፤ ከዚያም ዋሸሁዎት። ሌላ የጉጉት ጎጆ አግኝተው ከሆነ ደስ ይለኛል። የት እንደሆነ ግን አይንገሩኝ።