ሁለት ቀላል፣ አንድ ከባድ

ጠጋኟ ትዕግሥት የላትም እያሉ የሚያሟት አሉ። እስቲ አራት ጎረምሳ ጊታርና ከበሮ ይዞ የሥራ ቦታቸውን ይውረራቸውና ትዕግሥታቸው ስንት ቀን እንደሚቆይ እንይ! እሷ ሁለት ዓመት ችላለች። ሠፈሩ ጠጋኟ የሚላት የተቀደደ ሶፋና የረገበ ወንበር እያደሰች ስለምትኖር ነው። እናትና አባቷ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱም ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው በዚሁ ሙያ ነው። ልጁ ሲያለቅስ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማ ስለነበር ጉሮሮ ተባለ፤ በኋላ መተዳደሪያውም ይኸው ጉሮሮው ሆነ።

ጉሮሮና ሦስት ጓደኞቹ የሮክ ባንድ ሲያቋቁሙ መለማመጃ አጡ። የሄዱበት ሁሉ ጎረቤት እየተነሣ አባረራቸው። በመጨረሻ የጠጋኟ የኋላ ክፍል ትዝ አላቸው። እስከ ጣሪያው ስፖንጅ ስለተደረደረበት ድምፅ ወደ ውጭ አያወጣም።

“ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ እታለም” አላት ጉሮሮ።

ያቺ አንድ ሳምንት ሁለት ዓመት ሞላች። ስፖንጁ ጎረቤቱን ቢያድንም እሷን አላዳነም፤ መሃል ያለው በር ተገንጥሎ ስለነበር ጩኸቱን ብቻዋን ጠጣችው። እሱስ ይሁን። ሲደክማቸው ደግሞ የደንበኛ ወንበር ላይ ዘፍ ይላሉ፤ ትናንት ያለበሰችው ወንበር ዛሬ ተጨማዶ ይጠብቃታል።

“በሰው ወንበር አትቀመጡ አላልኩም?” ትጮሃለች።

“አንቀመጥም!” ይላሉ አራቱም ባንድ ድምፅ፣ እየተነሡ። ይህ በቀን አሥር ጊዜ ነው።

መዶሻ ስትይዝ ደግሞ የራሷ ልማድ አላት። ትንሿን ሚስማር ሁለቴ ቀለል አድርጋ መትታ ታስይዛለች፣ በሦስተኛው ታስገባታለች፣ ቀጣይዋን እስክታዘጋጅ ትንሽ ዝም። ጠክ፣ ጠክ፣ ዷ! አንድ ቀን ከበሮ መቺው ይህንኑ ምት ከኋላ ክፍል ሆኖ ተቀበላት። ጉሮሮም በላዩ “አንቀመጥም!” ብሎ ለቀቀው። እያሾፉባት መስሏት ጫማዋን አውልቃ ወረወረችባቸው። ዘፈኑ እንዲህ ነው የተወለደው፤ ሌላ ታሪክ የለውም።

ዛሬ “አንቀመጥም” የማይሰማበት ቦታ የለም። ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ብድግ ብሎ፣ በእግሩ ሁለት ቀላል አንድ ከባድ እየረገጠ ይጮኸዋል። ድሮ “ሰባራ ወንበር” ይባል የነበረው ባንድ ስሙን ለውጦ “ነበልባል” ሆኗል። ምነው፣ ወንበር ምን አደረጋቸው? ይህ ያንገበግባታል። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉሮሮ ሰው ፊት ቆሞ “ከእህቴ ነው የወሰድነው” እንዲል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቃለ መጠይቅ በሰጠ ቁጥር ሬዲዮኑ ሥር ተቀምጣ ጠበቀች። እሱ እቴ!

በቀደም ማክሰኞ ጭራሽ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛና ቀራጮች ይዞባት መጣ። የባንዱን አጀማመር እዚያው የኋላ ክፍል ሊቀርጹ ነው። እሷ ለስብሰባ አዳራሽ የምታስረክበው አርባ ወንበር አለባት፤ ስድስቱ ገና አልለበሱም፤ የማስረከቢያው ሰዓት ደርሷል። ሽቦው እግሯ ላይ ተጠመጠመ፣ መብራቱ ዓይኗን ወጋት።

“እናት፣ መዶሻውን ቢያቆሙልን? ድምፁ ይረብሻል” አለች ጋዜጠኛዋ።

ይረብሻል! እናት መባሉ ራሱ አበሳጫት። ግን ዛሬ ይናገር ይሆናል ብላ አቆመች።

“ይህ ሁሉም የሚወደው ምት ከየት መጣ?” ተብሎ ተጠየቀ ጉሮሮ።

እህቱን አየት አደረጋት።

“ከልብ ትርታ ነው” አለ። “‘አንቀመጥም’ ደግሞ የትውልዳችን እምቢታ ነው።”

“ውሸታም!” አለች ጠጋኟ ዘልቃ ገብታ። “የደንበኛ ወንበር ላይ አትቀመጡ ብዬ ስጮህ የመለሳችሁልኝ ነው! ምቱም የሚስማሬ ነው!”

ጋዜጠኛዋ ፈገግ አለች። “ደስ ይላል፣ እናት። ተመልካች ግን ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ይፈልጋል።”

ጉሮሮ የጫማውን ጫፍ ያያል።

ቀራጮቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ሲሄዱ እሱ ቀረ።

“ወንበር አሳፈረህ?” አለችው። “ያሳደገህ ወንበር!”

“ይስቁብኛል ብዬ እኮ ነው፣ እታለም።”

“ይሳቁብሃ! እኔ ላይ ሲሳቅ አይደል የዋለው?”

የቆዳ ጃኬቱን አውልቆ ወረወረ፣ በልጅነቱ እንዳስተማረችው አንድ እፍኝ ሚስማር አፉ ውስጥ ከቶ ከቀሩት ወንበሮች አንዱን ጎተተ። ጠክ፣ ጠክ፣ ዷ! ሁለቱም ተጋግዘው አምስት ወንበር አለበሱ። ስድስተኛው ላይ የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ወንበሮቹን ሊረከብ ገባ።

“እንዴ፣ ይሄ ዘፈን እዚህም ደረሰ?” አለ ያጎነበሰውን ሰው እያየ። “ምቱንማ አሳምረኸዋል! ከየት ለመድከው፣ ወንድሜ?”

ጉሮሮ አፉ ስለሞላ በመዶሻው እህቱን አመለከተ።

“ሠራተኛሽ ቀልደኛ ነው” ብሎ ሰውዬው ሳቀ።

ጉሮሮ ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፍቶ ቀና አለ። “ቀልድ አይደለም። ዘፈኑን ከእሷ ነው የወሰድነው። ከእህቴ።”

ሥራ አስኪያጁ ማንነቱን ሲያውቅ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጠጋኟ በገነች። አገር ምድሩ በሚያይበት ካሜራ ፊት ዝም ብሎ፣ አሁን ለአንድ ወንበር ተረካቢ! አሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀመችውን ልታወርድበት ተነሣች፤ ግን ስድቡን ትታ እሷው ራሷ የደንበኛው ወንበር ላይ ዘፍ አለች።