ጥቁሩን ሰጠሁ፣ የሱን አስቀረሁ

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ነገረኝ። የሱን ልብስ ስጪ፤ ያንቺን ጥቁር ግን እስከ ሙት ዓመቱ እንዳታወልቂ። እኔ ተቃራኒውን አደረግሁ። ጥቁሩን ያገለገለ ልብስ ለሚሸጥ ስሪፍት ስቶር ሰጠሁ፣ የሱን ልብስ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደተሰቀለ ተውኩት። ጥፋቴ ይኸው ነው። ሰው አልገደልኩም፣ የእቁብ ብር ይዤ አልጠፋሁም። ያም ሆኖ ከዚያ ወዲያ ፌርፋክስ ላይ ካሉት የሐበሻ ሱቆች እንጀራ ልገዛ ስገባ ወሬው ቀጥ ይል ጀመር።

እሱ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ዳውንታውን፣ ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የሰው መኪና ያቆም ነበር፣ ኋላ ኃላፊ ሆነ። እዚያ ታች ፀሐይ የለም፤ ከላይ ከተማው በሙቀት ሲነድ እንኳ ይበርዳል። ስለዚህ የሱፍ ኮት ይወድ ነበር፣ ኮቶቹን ሁሉ ደግሞ የሚገዛው ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ የእርዳታ ድርጅት ሱቅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከሄደ ቶሎ አይመለስም። ገበሩን ይገለብጣል፣ ብብቱን ያሸታል፣ ብል መብላት አለመብላቱን ወደ ብርሃን አንስቶ ያያል። የአገር ሰው እዚያ ቢያገኘው አይደበቅም። የሚደበቁት እነሱ ናቸው፤ ከልብሱ ረድፍ ጀርባ ጎንበስ ሲሉ እሱ ስማቸውን ጠርቶ፣ ሱቁ ሙሉ እስኪሰማ ሰላም ይላቸዋል። "የቤቨርሊ ሂልስ ሽማግሌ ሲሞት ነው እኔ የምዘንጠው" ይል ነበር፣ ሬስቶራንት ውስጥ፣ ሰው ፊት። እኔም አብሬው እስቅ ነበር።

ታላቅ እህቱ ግን አይስቁም። እትዬ ነው የምላቸው። ዌስት አዳምስ፣ ከእኛ ቤት ብዙም ሳይርቁ ይኖራሉ። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች እሱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ወደዚህ አገር ያመጡትም እሳቸው። "የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሬሳ ልብስ" ይሉታል ኮቶቹን። ለልደቱ ሁልጊዜ አዲስ ሸሚዝ ከነካርቶኑ ያመጡለታል። እሱ ጉንጫቸውን ስሞ ይቀበልና ካርቶኑን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ አንዱንም አልለበሰውም።

የሞተ ዕለት የሚያውቁን ሴቶች ጥቁር ልብስ ተሸክመው መጡ። ቀሚሱ፣ ሹራቡ፣ ጥቁር የተነከረው ነጠላ፣ ሻሹ፣ አልጋዬ ላይ ተከመረ። አልዋሽም፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠቅሞኛል። ጠዋት ተነስቶ ምን ልልበስ ማለት የለም። እጄን ስሰድ የሚገኘው ጥቁር ነው፣ እሱን ለብሼ ካልቨር ሲቲ ወደምሠራበት የጥርስ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ እመለሳለሁ።

ከዚያ በጋው ገባ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። አንድ ቀን ጥርሷን ልታሳጥብ የመጣች ወጣት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመችና ከራስ እስከ እግር አየችኝ። "ኦል ብላክ! እንዴት እንደሚያምርብሽ! የት ነው የምትገዢው?" አለችኝ በእንግሊዝኛ። እሷም ጥቁር ለብሳለች። ምሳ ሰዓት ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆምኩና አላፊ አግዳሚውን አየሁ። የሰፈሩ የፊልም ስቱዲዮ ሠራተኞች ጥቁር ካናቴራ በጥቁር ሱሪ። የቡና ቤቷ አስተናጋጅ ጥቁር ሽርጥ በጥቁር ሸሚዝ። አንዱ ውሻውን ይዞ ያልፋል፣ ውሻው ራሱ ጥቁር። ባሌ የሞተብኝ እኔና ማንም ያልሞተባቸው እነሱ አንድ ዓይነት ለብሰን ቆመናል። ቆሽቴ አረረ። ይሄ ልብስ ለማን ነው የሚናገረው? እዚህ ከተማ ውስጥ ጥቁሬ ሐዘን መሆኑን የሚያውቁት ፌርፋክስ ላይ ያሉት የእኛ ሰዎች ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ መሞቱን ልብሴ እንዲነግራቸው አያስፈልጋቸውም፤ ቀብሩ ላይ ነበሩ።

ቅዳሜ ጥቁሩን በሙሉ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ መኪናዬ ውስጥ ጫንኩና እሱ ይገዛበት ወደነበረው ሱቅ ድራይቭ አደረግሁ። ዕቃ የሚቀበሉት ከጀርባ በኩል ነው። ተቀባይዋ ሸምገል ያለች ሴት ናት። ቀሚሱን ገልጣ አየችና "ጥሩ ነው፣ ጥቁር ቶሎ ይሸጣል" አለች። ቀጥላም ለታክስ የሚሆን ሪሲት እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ባሌን ባለቀስኩበት ልብስ ታክስ ላስቀንስበት? ሳቄ መጣ። አልፈልግም ብዬ አመስግኜ ወጣሁ።

በማግስቱ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሼ ፌርፋክስ ሄድኩ። እንጀራና ሽሮ ገዛሁ፣ የተሰጠኝን ሰላምታ ተቀበልኩ፣ የተነፈግሁትን ተውኩ። ገና ቤቴ ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው።

"ምንድነው የምሰማው?"

"ምን ሰሙ እትዬ?"

"አረንጓዴ ለብሰሽ ፌርፋክስ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትይ ታይተሻል።"

"እንጀራ ገዛሁ እንጂ ወዲያ ወዲህ አላልኩም።"

"ጥቁርሽስ?"

"ዶኔት አደረግሁት።"

ድምፃቸው ቀጠነ። "የወንድሜን ሐዘን ዶኔት አደረግሽው?"

"ልብሱን ነው እትዬ። ሐዘኑን የሚቀበል ሱቅ የለም።"

ስልኩን ዘጉብኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሴቶች አስከትለው፣ አንድ ጥቅል ትልልቅ የቆሻሻ ፌስታል ይዘው መጡ። አልተቀመጡም። በቀጥታ ወደ መኝታ ቤት።

"ሶ፣ አንቺ ሐዘንሽን ከጨረስሽ የሱንም እናውጣ" አሉ እትዬ። "የሟች ልብስ ይሄን ያህል ጊዜ ቤት ውስጥ አይሰቀልም። ለነፍሱ ይሰጥ። የስሪፍት ስቶሩን መንገድ እንደሆነ ታውቂዋለሽ።"

ጀርባዬን ለቁም ሳጥኑ በር ሰጥቼ ቆምኩ። "አንዲት ካልሲ አትወጣም።"

"ለማን ነው የምታስቀምጪው?"

"ለራሴ።"

"ምን ያደርግልሻል?"

"ከፍቼ አየዋለሁ። ሌላ ምን ላድርገው?"

ከሴቶቹ አንዷ ፀበል እንድሄድ መከረችኝ፣ ሌላዋ ጥሩ ቴራፒስት እንደምታውቅ ነገረችኝ። ለሁለቱም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። የራሴ የሆነውን መስጠት መብቴ ከሆነ፣ የሱ የነበረውን ማስቀረትም መብቴ ነው። ብዙ ነገር ሰጥቼ አውቃለሁ፤ ሶፋ፣ ድስት፣ የእንግዳ አልጋ። ያኔ ማንም ለምን አላለኝም። አሁን ግን የትኛው ከቤቴ እንደሚወጣ፣ የትኛው ከላዬ እንደማይወርድ ኮሚቴ ተቋቁሞልኛል።

እትዬ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞሩ። "ሙት ዓመቱን የምደግሰው እኔ ነኝ" አሉ። "በጥቁር ካልመጣሽ አትምጪ። በሩ ላይ ራሴ ቆሜ ነው የምመልስሽ።" ፌስታሉን አልጋዬ ላይ ረስተውት ሄዱ። ለቆሻሻ ተጠቀምኩበት።

ፈርቼ ነበር፣ ይህን ልናገር። ልጅ አልወለድንም። እሱን ልጅ ሆኖ የሚያውቀው፣ ሲያኮርፍ የት ይደበቅ እንደነበር ሊነግረኝ የሚችል ሰው በዚህ አገር ከእትዬ ሌላ የለም። እሳቸው በሩን ከዘጉብኝ የባሌ ግማሽ ከእሳቸው ጋር ይቀራል። ስደውልላቸው አያነሱም። መልእክት ብተው አይመልሱም። የሚያውቁን ሰዎች "አንድ ጥቁር ቀሚስ ገዝቶ ለአንድ ቀን መልበስ ምን ይከብዳል?" ይሉኝ ነበር። ምንም አይከብድም። ለሰው ዓይን ብቻ የሚለበስ ስለሆነ ነው እምቢ ያልኩት። እሱን ለማስታወስ ሌላ ሰው ልመስል አልችልም።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ጠዋት ቁም ሳጥኑን ከፈትኩና ሳላስበው እጄ ቡናማ ኮቱን አወረደ፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበትን። ከነጭ ቀሚሴ ላይ ደረብኩት። ትከሻው ሰፍቶኛል፣ ያው የወንድ ኮት ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነዳሁ። ፓርክ አድርጌ ስወርድ እትዬ እንዳሉት በሩ ላይ ቆመዋል፣ ከሻሻቸው እስከ ጫማቸው በጥቁር። ከጀርባቸው ሰው ተኮልኩሏል። ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። እውነትም አጥቤ ነው የመጣሁት።

"ይሄ ምንድነው?" አሉ።

"ኮቱ ነው።"

"አየሁት።"

"ጥቁር አይደለም።"

"አየሁ አልኩሽ እኮ።"

እጅጌዬን ያዙ። ልጎተት ነው ብዬ እግሬን መሬት ላይ ተከልኩ። እሳቸው ግን የእጅጌውን ጫፍ ገለበጡ። ሟቾቹ የቤቨርሊ ሂልስ ሰዎች እጃቸው ረጅም ነበር መሰለኝ፣ እሱ የገዛውን ሁሉ እጅጌ በእጁ ያሳጥር ነበር። ስፌቱ ጠማማና ጥቅጥቅ ያለ ነው። በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት።

"አሁንም ሁለቴ ነው የሚቋጥረው" አሉ። "መስፋት ሳስተምረው አንዱ ይበቃል፣ ክር አትጨርስብኝ ብለው አይሰማኝም።"

ሰው እየጠበቀ ነበር። ካህኑም እየጠበቁ ነበር። እትዬ እጅጌውን መልሰው አስተካከሉልኝና ከበሩ ፈቀቅ አሉ። ገባሁ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጸሎቱ ሲደረስ ኮቴን አላወለቅሁም፣ ማንም አውልቂ አላለኝም።

ከዚያ በኋላ እትዬ አንድ ቀን ብቻቸውን መጡ። ፌስታል አልያዙም። ውሃ ሰጠኋቸው፣ አልጠጡትም።

"አንድ ስጪኝ" አሉ።

"ያኔ ሁሉንም ካልወሰድኩ ብለው አልነበር?"

"አሁን አንድ ነው ያልኩሽ።"

ቁም ሳጥኑን ከፍቼላቸው ወደ ኩሽና ሄድኩ። ብዙ ቆዩ። ኮት ይመርጣሉ ብዬ ነበር፣ ወይም እሳቸው ከገዟቸው ሸሚዞች አንዱን፤ ካርቶኖቹ እንደታሸጉ መሳቢያው ውስጥ አሉ። ይዘው የወጡት ሥራ ቦታ የሚለብሰውን ግራጫ ሹራብ ነው። አንገቱ የተንዘላዘለ ነው፣ ውስጡ ኮሌታው ጋ የማናውቀው ሰው ስም በቀለም ተጽፎበታል። በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ልብስ እንዳይቀላቀል እንዲያ ይጽፋሉ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ስሙን አነበቡ።

"ይሄ ማነው?"

"አላውቀውም እትዬ። ቀድሞ የለበሰው ሰው ይሆናል።"

ሹራቡን ደረታቸው ላይ አጥፈው ያዙ። "ነፍስ ይማር" አሉ፣ ለሰውዬው። ከዚያ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ አረንጓዴ ቀሚሴን እንደለበስኩ።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እንገናኛለን። ስለ ልጅነቱ ይነግሩኛል፣ እሰማለሁ። እሳቸው ግን ጥቁራቸውን አላወለቁም። ዓመቱ አልፎ ሌላ ዓመት ተጀመረ፣ እትዬ አሁንም በጥቁር ናቸው፣ ሲበርዳቸው ሹራቡን ከላይ ይደርባሉ። ባለፈው ሳምንት ያኔ ፌስታል ይዘው የመጡት ሁለቱ ሴቶች በሬን አንኳኩ። አዋጥተው ለእትዬ ጥለት ያለው አዲስ ቀሚስ ገዝተዋል። ሐዘንተኛ ሐዘኑ ሲበዛበት ሰው ሄዶ ጥቁሩን ያስወልቀዋል፣ የቆየ ወግ ነው።

"አንቺን ነው የሚሰሙት" አሉኝ። "ኖርማል አይደለም እኮ፣ በጣም በዛ። ሂጂና አስወልቂያቸው።"

"እኔ?"

"አንቺ እንኳ አውልቀሻል እኮ!"

"ያወለቅሁት የኔን ነው" አልኳቸው። "የሳቸው የሳቸው ነው። ሲፈልጉ ያወልቁታል፣ ካልፈለጉ ይቀበሩበታል። እናንተን ምን አገባችሁ?"

አንዷ ከንፈሯን መጠጠችና የቀሚሱን ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ልትወጣ ስትል ተከትያት ሄጄ ፌስታሉን መልሼ በእጇ አስያዝኳት።