ልጄን የደበቅኩበት ስልክ

ሐኪሙ «ይጻፉልኝ» ባይለኝ ኖሮ እስክሪብቶ ዳግም አልጨብጥም ነበር። ትምህርት ያቋረጥኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ፊደል እለያለሁ፣ አነባለሁም፤ መጻፍ ግን ለእኔ ድንች እንደ መቆፈር ነው፤ አንዷን ቃል ለማውጣት ዙሪያዋን ስምስ እቆያለሁ።

ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ይህችን አንዲት መስመር እንዲህ በግልጽ ለማስፈር ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የጀመራት በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አሁን አሥራ ዘጠኝ ሆኗታል። አባቷ ቀድሞ ስለሞተ ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። የመጀመሪያ ቀን ስትወድቅ ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ። ክብሪት ጭሬ አሸተትኳት፣ አፏን በማንኪያ ልከፍት ታገልኩ፤ ሁለቱንም ማድረግ እንደሌለብኝ ኋላ ሐኪሙ ነገረኝ። ያን ቀን ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ «እማ፣ ሰው አየኝ?» የሚል ነበር። «ማንም አላየሽም፣ ማንም አያይሽም» አልኳት። ቃል ገባሁ ማለት ነው።

ለምን እንደምደብቅ ልንገራችሁ። የተወለድኩት ዘንገና ሐይቅ ሥር ነው። ልጅ ሳለሁ እዚያ ሰፈር የሚጥል ያለባት አንዲት ሴት ነበረች። ስትወድቅ አረፋዋ ይጋባል ብለው አይነኳትም። የምትበላበት ሰሐን ከሰው ሰሐን ጋር አይታጠብም፤ ደጅ፣ አጥሩ ላይ፣ በገመድ ይሰቀል ነበር። ነፋስ ሲመጣ እንጨቱን እየመታ ቋ ቋ ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ሰሐን ነው። በሽታውስ ሐኪም አለው፤ ሰሐኑን ማን ይፈውሰዋል?

ልጄ እዚህ ኢንጅባራ ከአንዲት ሴትዮ ስፌት ቤት ትሠራለች። እጇ ወርቅ ነው። የልብስ ስፌት መኪናው ከጎኗ፣ የከሰል ካውያው ከኋላዋ ነው። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ የሚነሳባት አልፎ አልፎ ነው፤ እሱም ጠዋት፣ ከመኝታዋ እንደ ተነሳች። ሥራ ቦታዋ አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም። አሠሪዋ ደግ ሴት ናት፤ ግን ደግ ሰውም ይፈራል። ብታውቅ ያንን ካውያ እንደማታስነካት አውቃለሁ። ስለዚህ ዝም አልን።

ሐኪሙ ደግሞ ዝም አትበሉ አለ። «መድኃኒቱን ለማስተካከል በየስንት ጊዜው እንደሚነሳባት፣ ከየትኛው እጇ እንደሚጀምር፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ማወቅ አለብኝ። ይጻፉልኝ።»

«ልጄ ስትንፈራገጥ ሰዓት አያለሁ እንዴ ዶክተር?»

«ታዲያ በምን ይለኩታል?»

«አባታችን ሆይ እላለሁ። ሁለቴ ስል ታቆማለች፤ አንዳንዴ ሦስቴ።»

አልሳቀብኝም። «እስቲ አሁን ይበሉልኝ» ብሎ ሰዓቱን ዓይኑ ሥር አድርጎ ለካኝ። ስጨርስ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፈ። «ይህ ግን ረጋ ብለው ሲሉት ነው። ያን ጊዜ ስንት ይሆናል?» አለኝ። «ፈርቼ ስለው ያጥራል» አልኩት። «እሱንም እንይዛለን» አለ፤ ያጠረችውንም ጻፈ።

መጀመሪያ ደብተር ላይ ነበር የምጽፈው። አንድ ቀን ጎረቤቴ ወንፊት ልትዋስ ገብታ ደብተሩን አንስታ ስታገላብጥ ደረስኩ። ምንም አላነበበችም፤ እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። ልጄ «ስልክሽ ላይ ጻፊው፤ ስልክሽ ይቆለፋል» አለችኝ። ስልኩን ስገዛ ባለሱቁ የጫነልኝ ቢጫ የማስታወሻ ደብተር ነበረበት። ኔትወርክ አይፈልግ፣ ካርድ አይበላ፣ ማንንም አይጠይቅ። ማታ ትራሴ ሥር፣ ቀን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነው። መናኸሪያ ቁጭ ብዬ ቅቅል ድንቼን በሚጥሚጣ ስሸጥ እጄን እሰድና እዳብሰዋለሁ። የልጄ ምስጢር እዚያው አለ። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ቆየን።

ከዕለታት አንድ ቀን ስከፍተው ደብተሩ የለም። በቦታው በእንግሊዝኛ የተሞላ ገጽ መጣ። ለልጄ ሰጠኋት።

«እማ፣ አድሶታል። ከእንግዲህ ጽሑፉ ስልኩ ላይ አይቀመጥም ይላል። ኢንተርኔት ላይ ነው። ኢሜይል አስገቢ ይላል።»

«ባላስገባስ?»

«አይከፈትም።»

«የጻፍኩት የራሴ አይደል እንዴ?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። እኔ ያን ቀን መቆጣት ሲገባኝ ፈራሁ። የሐኪሙ ቀጠሮ ደርሷል፤ የሁለት ዓመት ጽሑፍ እዚያ ውስጥ ነው። ወደ ስልክ ሱቁ ሮጥኩ። ባለሱቁ ሁለቴ ሦስቴ ነካ ነካ አደረገና «ይኸው እትዬ፣ ተከፈተ» አለኝ። መረቅኩት! ድንች በነጻ አበላሁት!

ያደረገውን ያወቅኩት ቆይቶ ነው። ይህ ሰው ከገጠር ለመጣ ገበሬም፣ ለገበያተኛ ሴትም፣ ለእኔ ቢጤውም ስልክ ሲሸጥ ለሁሉም የሚያስገባው አንዱን የሱቁን ኢሜይል ነው። እኛም ጠይቀን አናውቅም። ኢሜይል ለእኛ ስልኩ ሲገዛ አብሮ በካርቶን እንደሚመጣ ቻርጀር ነው። ደብተሩ ስልካችን ላይ እያለ ይህ ማንንም አልጎዳም፤ የእያንዳንዳችን በየኪሳችን ነበር። ወደ ኢንተርኔት ሲወጣ ግን በአንድ ኢሜይል ያለነውን ሁሉ አንድ ደብተር ላይ አፈሰሰን።

መጀመሪያ ያየሁት የሠርግ ጥሪ ዝርዝር ነው። ቀጥሎ አንዱ ለጫግኒ ጉዞ የሚይዘውን ዕቃ ጽፏል። ከዚያ የጸሎት ርእስ፤ «ለባለቤቴ ልብ፣ ለልጄ ፈተና» ይላል። ስልኩ የታመመ መሰለኝ። አንዱን ከፍቼ ሳነብ አፈርኩ፤ የሰው መኝታ ቤት የገባሁ ያህል። ቀና ስል ድንገት ነገሩ ገባኝ። እኔ የእነሱን ካየሁ እነሱ የእኔን ያያሉ።

ወደ ራሴ ገጽ ሮጥኩ። «ማክሰኞ። ቁርስ ሳትበላ። ግራ እጇ ጀመረ። ሁለት አባታችን ሆይ። ወደ ስፌት ቤት አርፍዳ ሄደች።» እዚያው ነው። ከሥሩ ግን እኔ ያልጻፍኩት ነበር።

«ይቺ ማናት? የዚህ ከተማ ልጅ ናት?»

ድንቹን እንደ ጣድኩት መሬት ቁጭ አልኩ። ስፌት ቤት ብዬ ጽፌያለሁ! በዚህ ከተማ ስንት ስፌት ቤት አለና ነው? ጥፋ ብዬ አጠፋሁት። ስከፍተው ተመልሶ መጣ። ደግሜ አጠፋሁ። ኔትወርክ የለም አለ፤ አንድ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረ። ቀጥሎ ጽሑፉን አውርዶ ለመውሰድም፣ የራስ ብቻ ለማድረግም በየወሩ ክፈሉ የሚል መጣ፤ በባሕር ማዶ ባንክ ካርድ። ድንች ሻጭ ያንን ካርድ ከየት ታመጣለች? እኔ ስጀምር ደብተር ነበር። ማን ጠይቆኝ ነው ከኪሴ አውጥቶ መንገድ ላይ የበተነው? ሰው ከቤትሽ ሳጥንሽን ተሸክሞ ወጥቶ፣ ቁልፉን ከእኔ ተከራዪ ቢልሽ ሌባ ነው ትያለሽ። ይህንን ግን ማሻሻያ ይሉታል!

ድንቹን ለጎረቤት ሰጥቼ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። ሱቁ ውስጥ ነጠላ ያጣፉ ሁለት ሴቶች ስልክ ያያሉ፤ አንድ የባጃጅ ልጅ በሩ ላይ ተደግፎ ቻርጅ ያስደርጋል።

«አውጣልኝ!» አልኩት።

«ምኑን እትዬ? ምነው በሰላም?»

«ደብተሬን። ከሰው ደብተር ውስጥ አውጣልኝ።»

ስልኩን ተቀብሎ አየና ጭንቅላቱን አከከ። «አሁን እኮ እርስዎ ስልክ ላይ አይደለም ያለው። ክላውድ ነው። ደመና ይበሉት።»

«የኢንጅባራ ደመና አነሰኝና ነው?»

የባጃጁ ልጅ ሳቀ። ባለሱቁም ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ነው ያበሸቀኝ።

«ኢሜይሉ የማን ነው?» አልኩት።

«የሱቁ ነዋ። እትዬ፣ እርስዎ ኢሜይል ምን ያደርግልዎታል ብዬ…»

«ለስንት ሰው ሰጠኸው?»

«ኧረ እኔ ቆጥሬ…»

«አልቆጠርክም! የሰው ጓዳ በአንድ ቁልፍ ስትዘጋ አልቆጠርክም!»

«ይረጋጉ እንጂ። ምን አለበት፣ ማስታወሻ ነው፤ የሽንኩርት ዝርዝር ማን ይሰርቅዎታል?»

የሽንኩርት ዝርዝር! ሁለት ዓመት አንድ በአንድ የለቀምኩትን ፊደል የሽንኩርት ዝርዝር አለው። ከዚያ ከአፌ የወጣውን አሁንም እሰማዋለሁ።

«ልጄ ወድቃ አረፋ ስትደፍቅ የጻፍኩት ነው! የሚጥል በሽታዋ ነው እዚያ ያለው! ሽንኩርት ትላለህ?»

የባጃጁ ልጅ ሳቁን አቁሞ መሬት መሬት አየ። ባለሱቁ «እትዬ፣ እኔ አላወቅኩም» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። ሁለቱ ሴቶች በአገውኛ መንሾካሾክ ጀመሩ። አንደኛዋ «ልጇ የቷ ናት?» አለች። ሌላዋ «ያቺ ስፌት ቤት ያለችው፣ ቀጭኗ» አለቻት። አማርኛ ስናገር ስለሰሙ አገውኛ የማላውቅ መስሏቸዋል። እያንዳንዱ ቃል ገባኝ፤ የእናቴ ቋንቋ ነው። ስልኬን ነጥቄ ወጣሁ።

ባለሱቁ ማታ ደውሎ ሁሉንም አጥፍቼዋለሁ፣ የሚስጥር ቁጥሩንም ቀይሬዋለሁ አለኝ። እውነት ይሁን ውሸት የማይበት ዓይን የለኝም። የሁለት ዓመቱ ጽሑፍም አብሮ ጠፋ። ለማያውቁኝ ሰዎች የተከፈተው ደብተር ለሐኪሜ ሳይከፈት ቀረ።

በማግሥቱ ልጄ እኩለ ቀን ላይ መቀሷንና ሜትሯን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች።

«ለጊዜው ዕረፊ አለችኝ» አለች። «እስኪሻልሽ አለችኝ። ካውያው ያስፈራኛል አለች። አልቅሳ ነው የነገረችኝ። እማ፣ ማን ነገራት?»

ቀና ብዬ አላየኋትም። «ስልኩ» አልኩ። «ደብተሩ። ሰው አንብቦ ነው።»

እሷን የዋሸኋት ያን ቀን ነው። ስልኩን ወርውራ አልጋው ላይ ጣለችው፤ የሰደበችው ስድብ እኔ ያላስተማርኳት ነው። እኔም አብሬያት ሰደብኩ። ለካ ሰው ሲሰድብ ይቀለዋል። ውሸት አልነበረም ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬያለሁ፤ ደብተሬን ባያወጡብኝ ሱቅ አልሄድም፣ ሱቅ ባልሄድ አልጮኽም። ልክ ነው። ግን አንባቢው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ምስጢሯን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት የደበቅኩትን በአንድ ቁጣ።

ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር ገዛሁ። በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደቀች። ጻፍኩ። «ቅዳሜ። ፊቷን ሳትታጠብ። ግራ እጇ ጀመረ። ሦስት አባታችን ሆይ።» እስክሪብቶውን ላስቀምጥ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ከሥሩ ጨመርኩ። «የነገርኩት እኔ ነኝ። ሱቅ ውስጥ ጮኼ። ስልኩ አይደለም።» ደብተሩን ሳልደብቀው ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ያን ቀን ድንቹ ተቃጠለብኝ።

ስመለስ ልጄ የጎረቤታችንን ቀሚስ በእጇ እየጠቀመች ነበር። ቀና አላለችም። ደብተሩ እንደ ተከፈተ ነው። በእሷ ጽሕፈት፣ በዚያ እንደ ስፌቷ ቀጥ ባለው፣ እንዲህ ይላል።

«ሰኞ ነው ያወቅኩት። የባጃጁ ልጅ ነገረኝ። አንቺ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«አንቺስ?»

ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «ጎረቤታችን ታውቃለች» አለች። «ቀሚሷን ያመጣችው አውቃ ነው። ሻይ ጠጥታ ሄደች።»

«በየትኛው ብርጭቆ?»

«በእኔ።»

ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የሻዩ ዝቃጭ እንኳ አልደረቀም። ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሰሐን ውስጥ አጠብኩት። ስልኩ ያቺን ቢጫ ምልክት እያበራ «ይክፈሉ፣ ይቀጥሉ» ይላል። አልከፈልኩም። አሁንም ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ የወሰዱብኝን አልመለሱልኝምና። ደብተሩ ግን ከሻይ ብርጭቆዎቹ አጠገብ፣ በሩ ሲከፈት የሚታይበት ቦታ ተቀምጧል። ቁልፍ የለውም።