ጫፉ ወደ ታች

ጽገረዳ በቆቦው ሆቴል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳህን በእጇ አጥባለች። የዕቃ ማጠቢያው ማሽን ሲገባ ግን ባለቤቱ ያስጠራው ከቤሩት ተመልሳ ዋጃ የተቀመጠችውን ሴትዮ ነው። ሴትዮዋ በዚህ የቆላ ሙቀት እጅጌዋን እስከ እጇ አንጓ ቆልፋ ትመጣለች። ፍርፋሪውን ትጠርጋለች፣ ሳህኖቹን እንዳይነካኩ አራርቃ ታቆማለች፣ ብርጭቆውን ላይኛው መደርደሪያ ላይ በአፉ ትደፋለች። «እጅሽ ይባረክ» ይላታል ባለቤቱ። ጽገረዳን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሏት አያውቅም፤ ትቀናባታለች።

ዛሬ ቢላዎቹን ጽገረዳ ቀድማ ማሽኑ ቅርጫት ውስጥ ሰካቻቸው፣ ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጋ። ሴትዮዋ አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው።

«ጫፉ ወደ ታች ይሁን፣ እህቴ። ሕፃኑ እጁን ይሰዳል።»

«የምን ሕፃን? እዚህ ቤት ሕፃን የለም» አለች ጽገረዳ፣ በመጨረሻ ስህተት ስላገኘችባት ደስ እያላት።

ሴትዮዋ መዳፏን ከጉልበቷ ከፍ አድርጋ አየር ላይ አሳረፈችው፣ ጭንቅላት እንደሚዳብስ ሰው።

«ያሳደግሁት የአሠሪዎቼ ልጅ ነው። ትቼው ስመጣ እዚህ ይደርስ ነበር» አለችና የማሽኑን በር ቀስ ብላ ዘጋችው።

ልጅ ያልወለደችው ጽገረዳ ያንን መዳፍ አየችው። በዚህም ቀናችባት።