ፈርሚ በለኝ

ከናዝሬት የወጣሁት ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በጓደኛዬ በገመቹ የጭነት መኪና ነው። የብየዳ ሥራዬ መብራት በጠፋ ቁጥር እየቆመ አስመርሮኝ ነበር። ባለቤቴ አስቴር የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በሩ ላይ ቆማ "ስትደርስ ደውል" አለችኝ፤ ሻሸመኔ ደርሼ የምመለስ ነበር የሚመስለው። ባቱ ላይ አሳ ጥብስ በላን። ገመቹ "አይዞህ ኦቦሌሳ፣ ልጅህ ሲወለድ አንተ ባለሱቅ ነህ" እያለ እስከ ሞያሌ ሸኘኝ።

ከሞያሌ ወዲያ በጫካ በእግር የሄድነውን፣ በመኪና ሸራ ስር የታፈንነውን ለእናንተ አልዘረዝርም፤ እናቴም ታነበዋለችና።

አሁን ደቡብ አፍሪካ ነኝ። ባለሱቅ ግን አልሆንኩም፤ በአገር ልጅ ሱቅ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ብርድ ልብስና ሳሙና እሸጣለሁ። ምሳችን ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ዱቄት ነው፤ ገንፎ እንዳልለው ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው። ብርዱማ አይጣል! የናዝሬትን ሙቀት ስንቴ እንዳማረርኩት ትዝ ሲለኝ በራሴ እናደዳለሁ።

ልጁ ተወለደ፤ ወንድ። ለገበያተኛው ሁሉ ከረሜላ አደልኩ። በማግስቱ አስቴር ደወለች።

"ደሬ፣ በጠባ ቁጥር ይመልሳል። የሚመልሰው ደግሞ አረንጓዴ ነው።"

እናቴ ከጎኗ ሆና "ሕፃን አይመልስም እንዴ? ቅቤ እናስውጠው" ትላለች። እኔ ምን አውቃለሁ? "እማዬ ካለች አስውጡት" አልኩ። ያን ቀን ሆስፒታል ውሰዱት ማለት እንዴት እንዳቃተኝ እግዜር ይወቀው።

በሦስተኛው ቀን የስደተኞች ቢሮ ቀጠሮ ነበረኝ። ስልክ በር ላይ ተቀምጦ ነው የሚገባው። ግማሽ ቀን ተሰልፌ መስኮቱ ጋ ስደርስ ሴትዮዋ ቀና እንኳ ሳትል ጠየቀችኝ።

"ልጅ አለህ?"

"አለኝ። ዛሬ ሦስት ቀኑ ነው።"

"ስሙ?"

"ገና ነው። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ስም የሚወጣለት በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ነው።"

"ኮምፒውተሩ አርባ ቀን አይጠብቅም" አለችና የልጅ ብዛት ላይ ዜሮ መታች። "ስም ሲያገኝ ትመለሳለህ። ቀጣይ!"

ሳቄ መጣ፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ኮንጎዊም አብሮኝ ሳቀ። እየሳቅኩ ወጥቼ ስልኬን ስቀበል አስቴር አሥራ ሰባት ጊዜ ደውላለች።

"የት ነበርክ?" አለችኝ፤ ድምጿ ዘግቷል። "ሆስፒታል ነን። ራጅ አነሱት። አንጀቱ ሲፈጠርም ዝግ ነው አሉ፣ ከጨጓራው ዝቅ ብሎ። የጠባው ሁሉ ማለፊያ የለውም።"

"በቅቤው ነው?"

"አይደለም። ግን አንድ ቀን አባከንን። እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ልጆች ሌላም ችግር ሊኖርባቸው ይችላል ብለው ልቡንም አዩት። ቀዳዳ አለው። ኦፕራሲዮን ካልሆነ ይሞታል። ከሆነም ልቡ ማደንዘዣውን ላይችለው ይችላል። እናትህ ደግሞ አባቱ ሳይፈቅድ እንዴት ይቀደዳል ይላሉ።"

"ልምጣ" አልኳት። በየት በኩል እንደምመጣ እንጃ፤ ወረቀት የለኝ። በፎቶ ብቻ የማውቀው ልጅ ነው፤ ጣቱን እንኳ አልነካሁም። ይቀደድ ብል ቢሞትስ? አይቀደድ ብል? ፈራሁ፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራሁ።

"ደሬ፣ ፈርሜያለሁ" አለች። "ኦፕራሲዮን ክፍል ከገባ አንድ ሰዓት ሆነው። ሐኪሙ አይጠበቅም አለኝ። ግን አንተም ፈርሚ በለኝ። የሆነ ነገር ቢሆን ብቻዬን ያስቀደድኩት እንዳይሆን።"

"ፈርሚ" አልኳት።

"ድገመው።"

"ፈርሚ፣ አስቴርዬ። ፈርሚ።"

እሺ አለች። ስልኩን ግን አልዘጋችውም፤ እኔም አልዘጋሁት። ከወዲያ በኩል በር ሲከፈት ይሰማኛል። "እሱ ነው?" እላታለሁ። "አይደለም" ትለኛለች።