ሱልጣን ያልጫነው አፕ

ሱልጣን በመናኸሪያው ሰፈር፣ ከአውቶቡስ ግቢው ፊት ለፊት፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችው። ስልክ ይጠግናል፣ አፕ ይጭናል። ሰው ለትዳር ጓደኛው የማያሳየውን ስልክ ከፍቶ ይሰጠውና "የሚሆነውን ጫንልኝ" ብሎ ወደ ገበያው ይሄዳል። ስልኩ "ምንጩ ያልታወቀ አፕ ነው" ብሎ ሲያስጠነቅቅ ሱልጣን ሳያነበው ያሳልፈዋል። እህቱ ሙንተሃ "ተው" ስትለው፣ "ስልኩ የራሳቸው፣ ምርጫው የራሳቸው፤ እኔ ምን ቤት ነኝ?" ይላታል።

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ፌስቡኩም የጥሪ አፑም ሲዘጋ ሥራው ደራ። የተዘጋውን የሚከፍት ቪፒኤን ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፤ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። ሱልጣን ከአንድ ሹፌር የተቀበለውን ለወርቄ ጫነላት። ወርቄ በቤተ ክርስቲያኗ ዘማሪ ናት። ብዙም ሳይቆይ ከስልኳ ነውረኛ መልእክት ለእድሩ ሊቀመንበር፣ ለፓስተሩ፣ ለአማቷ ሳይቀር ደረሰ። "እኔ አይደለሁም፣ አፑ ነው" ብትል ማን ይስማት! መዘመሩም ቀረ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሱልጣን ምንጩን የማያውቀውን አፕ ዳግመኛ ላይጭን ማለ።

እማማ ደብሪቱ የመጡት ይኼኔ ነው። ልጃቸው ሃሴት ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራለች፤ የምትደውለው በአሠሪዋ ዋይፋይ፣ በዚያው በተዘጋው አፕ ብቻ ነው። ታማለች የሚል ወሬ ሰምተዋል።

"ሱልጣኔ፣ ያንን የሚከፍተውን አድርግልኝ። ድምጿን ልስማ።"

"አይሆንም እማማ። ስልክዎ ውስጥ ሌባ ማስገባት ነው።"

"እኔ አሮጊቷ ምን አለኝና ነው የምሰረቀው?"

"ስምዎ አለ። ወርቄን አላዩም?"

"ስሜን ይውሰደው! ልጄን ልስማ እንጂ።"

እምቢ አለ። ግትር! ስልኩ የእሳቸው፣ ስሙ የእሳቸው፣ ልጅቱ የእሳቸው፤ እሱ ግን የገዛ ፍርሃቱን ጥንቃቄ ብሎ ጠራው። አጠገቡ ያሉት ሱቆች ሁሉ ያንኑ ቪፒኤን ይጭናሉ። እማማ ግን ሱልጣን አይሆንም ካለ አይሆንም ብለው አንዱንም ሳይጠይቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እሱም ከበሩ ላይ ሆኖ ሲያያቸው ደስ አለው።

ሃሴት አልዳነችም። አስከሬኗን ይዛ የመጣችው ጓደኛዋ ድንኳኑ ውስጥ እያለቀሰች ተናገረች፤ "እስክትደክም ድረስ ስትደውል ነበር። 'እማዬ አታነሳም' እያለች ነው የሄደችው።"

ሱልጣን ጥግ ይዞ አንገቱን ደፍቷል። እማማ አዩትና ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት፤ እጁንም ያዙት።

"ይኼ ልጄ ነው" አሉ ለለቀስተኛው። "ሁሉም ያገኘውን ሲጭን፣ እሱ ብቻ ነው ለእኔ ያሰበ።"

ሱልጣን እሱን የሚሰድብ ሰው ፈለገ። ሁሉም ግን "ተባረክ" አሉት።