ቅዳሜ በቀትር የሚሞላው ጋን

ባለፈው ሳምንት ከሚሴ ገበያ ላይ አንዲት ሸክላ ሻጭ “ወላሂ እማማ፣ አያፈስም፣ ይዩት” ብላ አዲስ ጋን ውስጥ ውሃ ስትጨምር፣ የረጠበው ሸክላ ሽታ አፍንጫዬን ነካኝና በዚያ ሙቀት መሃል ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ጋኑን ሳልገዛ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ከባቲ ገበያ የመጣ ትልቅ ጋን ነበር፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አረጋውያንና ከጨፋ በእግራቸው የመጡ ሰዎች ይጠጡበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሞላው እናቴ ነበረች፤ ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሰው እንዳያያት በቀትር ትሄዳለች። በቀትር ውሃ የወረደን ጋኔን ይለክፈዋል ስለሚባል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሩን ዘግቶ ይተኛል፣ የማሽላው ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። “ለሰው ካወራሽው ዋጋሽን እዚያው በላሽው” ትለኝ ነበር።

ዋጋውን የበላችው ግን ጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤታችን እትዬ የሺመቤት ነበረች። “እኔ እንኳ ማውራት አልወድም” ብላ ትጀምርና ከቤተ ክርስቲያን እስከ ሰፈራችን መገንጠያ ታወራለች። “ያን ጋን ማን የሚሞላው ይመስላችኋል? መቼስ መልአክ አይቀዳ።” ሴቶቹ ይመርቋታል። እናቴም አብራ ትመርቃታለች። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም፤ ይቅር ያላልኩት የትኛዋን እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

በኋላ እናቴን ወባ ጣላት፣ እንስራው ወደ እኔ ጀርባ ዞረ። ሁለት ቅዳሜ ሞላሁ። በሦስተኛው አልቀዳሁም፤ ይባስ ብዬ በቀትር ግቢው ገባሁና የተረፈውን ውሃ ደፋሁት። ነገ በሰው ፊት ክዳኑ ሲነሳ “እትዬ፣ ትናንት ሳትቀጂ ዋልሽ እንዴ?” ልላት ነው። ዞሬ ስሄድ ከኋላዬ ከባዶው ጋን ውስጥ ውሃ ሲንጠባጠብ የሰማሁ መሰለኝ። ወደ ኋላ አላየሁም።

እሑድ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። በጋኑ ዙሪያ አቧራው ላይ ያለው የትናንቱ የእኔ ኮቴ ብቻ ነበር፤ ደስ አለኝ። ከቅዳሴ በኋላ ክዳኑ ተነሳ። ጋኑ እስከ አፉ ሞልቷል። ውሃው አሁን ከዓለት ሥር የወጣ ይመስል ጥርስ ያደነዝዛል።

እትዬ የሺመቤት ሁለት ጣሳ ጠጣችና “ትናንትማ ወገቤን ቆረጠኝ” አለች።

ያሰናዳሁትን ጥያቄ ትቼ ጣሳውን ተቀበልኳት። እኔም አልሞላሁትማ። አንዳንዴ የዚያን ቀንስ እውነቷን ይሆን እላለሁ፤ ሌላውን ከማሰብ እሱ ይሻለኛል።

ቤት ስገባ እናቴ ከአልጋዋ ቀና አለች።

“ሞላሽው?”

“ሞልቷል።”

“ወገብሽን አላመመሽም፣ ልጄ?”

“ትንሽ” አልኳት።

የጋለ እጇን ራሴ ላይ አድርጋ፣ ለማንም መርቃ የማታውቀውን ረጅም ምርቃት መረቀችኝ። ሐሙስ ዐረፈች።

እትዬ የሺመቤት ከእናቴ የወሰደችው የሰው ምስጋና ነው፤ እናቴ ደግሞ እሱን አትፈልገውም ነበር። እኔ የወሰድኩት ምርቃት ግን ያን ውሃ ለቀዳው ነበር፤ ማን እንደሆነ ስለማላውቅ ይኸው ይዤው አርጅቻለሁ።